ክራሩ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ምን ይጠፋል፣ ምን ይድናል

አንድ የክራር ተጫዋች ባለ ቆዳውን ክራር አስቀምጦ፣ የብረት ክር የተወጠረበትንና ከአምፕሊፋየር የሚያያዘውን ክራር ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣ ክርክሩ ወዲያው ይጀመራል። አንዱ «ባህሉን ለገበያ ለወጠው» ይላል፤ ሌላው «ዘመኑ ነው፣ ተዉት» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሰውየው ልብ ነው፤ ስለ ድምፁ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። በኔ እምነት ተቃዋሚዎቹ በጆሯቸው የሰሙት ጉድለት እውነተኛ ነው። ጥፋቱን የጣሉት ግን በኤሌክትሪኩ ላይ ነው፤ አብዛኛው ጥፋት ደግሞ የክር ምርጫ፣ የፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) አቀማመጥ፣ የሚክሰር (ድምፅ ማደባለቂያ) ቀዳዳና የድምፅ መጠን ነው። እነዚህን ማስተካከል ይቻላል።

አዲስ አበባ ለኤሌክትሪክ ሙዚቃ አዲስ አይደለችም። ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር ሂልተን ውስጥ ኦርጋን ሲጫወት፣ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያስፎክር ከተማው ሰምቶ ወዶታል። ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ እንኳ ክራራቸው ለኛ የደረሰን በማይክና በቴፕ ነው። ታዲያ ዛሬ ቅሬታው ለምን በረታ? ማይክ የሚሰማው አየሩን ነው፤ ክሩን፣ ቆዳውንና ገበቴውን (ከቆዳው ሥር ያለውን ጎድጓዳ እንጨት) አንድ ላይ ይወስዳል። ፒክአፕ ግን ከመሣሪያው አንዱን ክፍል መርጦ ይሰማል፤ የማግኔቱ ዓይነት ክሩን ብቻ ሰምቶ ቆዳውን ይተወዋል። የክራር ጠባይ ያለው ደግሞ ቆዳው ላይ ነው።

ስለዚህ ዓይነት ጠብ ሲወራ ሁሌም የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን ነው። ጁላይ 25 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. በኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ከባንድ ጋር ሦስት ዘፈን ተጫወተ፤ ከታዳሚው ጩኸት ተነሣ። በዓመቱ ማንችስተር ላይ አንድ ታዳሚ «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ ታሪክ ለኛ የሚጠቅመው ግን ስድቡ አይደለም። አንጋፋው የፎክ ዘፋኝ ፒት ሲገር በኋላ ሲጠየቅ ያናደደው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን በድምፅ ማጉያው መበላሸት የግጥሙ ቃላት አለመሰማታቸው እንደነበር ተናግሯል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ከዚህ የበለጠ ቅሬታ የለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ክሩ

በባለ ቆዳው ክራር ክሩ የሚያርፈው በበርኩማው ላይ ነው፣ በርኩማው ደግሞ የቆመው በቆዳው ላይ። ቆዳ ቀላል ስለሆነ የክሩን ጉልበት ቶሎ ይወስድና ቶሎ ይተፋዋል። ድምፁ ፈንድቶ ወዲያው የሚሞተው ለዚህ ነው። የብረት ክር በድፍን እንጨት ላይ ሲወጠር ጉልበቱ የሚሄድበት ስለሌለው ክሩ ውስጥ ይቆያል፤ ድምፁ ይረዝማል። ሰው «ጊታር ሆነብኝ» የሚለው ይህንን መርዘም ነው።

ከናይለን ወደ ብረት ሲቀየር የመጀመሪያው አደጋ ውፍረት ነው። የክር ውጥረት የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በድምፁ ከፍታና በአንድ ሜትር ክብደቱ ነው። 55 ሳንቲ ሜትር የሚርገበገብ ርዝመት ያለውና 0.70 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የናይለን ክር 262 ኸርዝ ላይ ሲቃኝ 3.7 ኪሎ ገደማ ይስባል። በዚያው ውፍረት ብረት ብታደርጉበት ብረት ከናይለን ወደ ሰባት እጥፍ ስለሚከብድ አንዱ ክር ብቻውን 25 ኪሎ ይስባል። ስድስት ክር እንዲህ ከተወጠረ ቀንበሩ (ከላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት አግዳሚ እንጨት) ይጎብጣል፣ በርኩማው ቆዳውን ይሰረጉደዋል፣ ምሰሶዎቹም ከገበቴው ጋር የተጋጠሙበት ቦታ ይላቀቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የናይለኑን ውፍረት ለ2.6 አካፍሉ። 0.70 የነበረው 0.27 ሚሊ ሜትር ብረት ይሆናል ማለት ነው፤ ይህ በጊታር ክር ቁጥር (በኢንች ሺኛ የሚቆጠር ነው) በ10 እና በ11 መካከል ነው። በአምስተኛ፣ ማለትም ከዶ እስከ ሶል ባለው ርቀት፣ ዝቅ ብሎ ለሚቃኘው ክር ውፍረቱን በ1.5 አባዙት፤ 0.40 ይመጣል፤ በተለመደው ጥቅል ውስጥ ለዚህ ቅርቡ ቁጥር 17 ነው።

ከሱቅ የሚገኘው ከ10 እስከ 46 የሚሄደው የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ጥቅል ውስጥ ለተራ ክራር የሚሆኑት ሦስቱ ቀጫጭኖች ናቸው፤ 10፣ 13 እና 17። ሽቦ የተጠቀለለባቸው ሦስቱ ወፍራሞች ለቤዝ ክራር ይቀመጡ። ስለዚህ ሁለት ጥቅል መግዛት ወይም ክሩን በነጠላ መፈለግ ያስፈልጋል። ጥቅሉ ስድስት ክር ስላለው፣ ክራሩም ስድስት ክር ስላለው ብቻ እንዳለ ቢወጠር ወፍራሞቹ ወይ ሳይወጠሩ ይንኮሻኮሻሉ ወይ ቀንበሩን ይሰብራሉ።

ሁለተኛው መቃኛው ነው። ብረት ብዙ አይለጠጥም፤ በእንጨት መቃኛ ላይ ትንሽ ስትጠመዝዙት ድምፁ ብዙ ይዘላል፣ ከዚያም ይንሸራተታል። በጥርስ የሚሽከረከረው የጊታር መቃኛ ይህንን ይፈታል። ስድስቱ አንድ ላይ ሩብ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝኑ ግን ክራሩ ወደ ላይ ይከብዳል፤ በተጫዋቹ እጅ ላይ ይደፋል። ለነሱ የሚበሳውም ቀዳዳ ቀጭን ቀንበርን ያደክማል። አሮጌ ክራር ከመብሳት ይልቅ አዲስ ቀንበር ከወይራ፣ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ማሠራት ይሻላል። አሮጌው ቀንበር በሰላም ይቀመጥ፤ ነገ ወደ ቆዳው መመለስ የሚፈልግ ሰው መንገዱ ክፍት ይሁንለት።

ድምፁ ከመጠን በላይ ሲረዝም መፍትሔው ቀላል ነው። ከበርኩማው በግማሽ ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ጣት የምታህል ለስላሳ ቆዳ ከክሮቹ ሥር ሸጉጡ። ምን ያህል እንደሚጫን በጆሮ ይወሰናል፤ ብዙ ከተጫነ ክሩ ይደነቁራል። ይህች ቁራጭ ቆዳ ብቻዋን ከቅሬታው ግማሹን ስታስወግድ ይገርማል።

ፒክአፑ

የማግኔት ፒክአፕ የሚሰማው ብረት ብቻ ነው። ናይለንም ጅማትም አይሰማም፤ ናይለን በተወጠረበት ክራር ላይ የጊታር ፒክአፕ ገጥሞ «አልሠራ አለ» የሚል ሰው ብዙ ነው። የክራር ክሮች ደግሞ ከበርኩማው ወደ ቀንበሩ እየተበተኑ ስለሚሄዱ እያንዳንዱ ክር ከራሱ የፒክአፕ ነጥብ በላይ አያልፍም። የጊታር ፒክአፕ ከዳር እስከ ዳር 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ክሮቹ ከዚያ ሰፍተው በሚያልፉበት ቦታ ከተቀመጠ ዳርና ዳር ያሉት ይደክማሉ። ስለዚህ ወደ በርኩማው ጠጋ ይበል፣ በነጥብ ፈንታ አንድ ወጥ ስለት ያለው ፒክአፕም ይመረጥ። ከክሩ እስከ ፒክአፑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከቀረበ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ቃናውን ያዛባል። ፒክአፑን ቆዳው ላይ አታጣብቁት። ከገበቴው ከንፈር እስከ ከንፈር ቀጭን እንጨት አጋድማችሁ እሱ ላይ እሰሩት፣ ቆዳውን ሳይነካ።

ክራርነቱ ይቆይ ለሚል ሰው ግን እኔ የምመክረው ፒዬዞ፣ ማለትም ንዝረት ሲጫነው ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዝርግ፣ ነው። ናይለኑ ሳይቀየር፣ ቆዳው ሳይነካ ይሠራል፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። በኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚገኘው፣ ጩኸት ለሚያሰሙ ሰዓቶችና ደወሎች የሚሠራው ክብ የናስ ዝርግ ነው። 20 ሚሊ ሜትሩን ምረጡ። ከበርኩማው አንዱ እግር ሥር፣ በእግሩና በቆዳው መካከል ይገባል። ክሮቹ በርኩማውን ስለሚጫኑት ሙጫ አያስፈልገውም። ነጩ ሴራሚክ ተሰባሪ ስለሆነ በላዩ ስስ ቆዳ ወይም ቡሽ አድርጉበት። ሽቦ ሲበየድ ብየዳው በሁለት ሰከንድ ይለቅ፤ ሙቀት ሲበዛበት ሴራሚኩ ይሰነጠቃል ወይም ጉልበቱን ያጣል። የመሐሉ ወደ ጃኩ ጫፍ፣ ናሱ ወደ ኧርዝ ይሂድ። ከዚያ በቴፕ ሸፍናችሁ በስስ የመዳብ ወረቀት ጠቅልሉት፣ መዳቡንም ከኧርዙ ጋር አገናኙት፤ ያለበለዚያ የቤቱን መብራት ሁሉ እየሰማ ያጉረመርማል።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ደረስን። ፒዬዞው በሚክሰሩ የመስመር ቀዳዳ ላይ በቀጥታ ሲሰካ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል፤ «ይኸው፣ ኤሌክትሪክ ክራሩን ገደለው» የሚባለውም ያኔ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ ፒዬዞ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅሙ 20 ናኖፋራድ አካባቢ ነው። የሚክሰሩ መስመር ግቤት መቋቋም 10 ኪሎ ኦም ከሆነ ሁለቱ ተጣምረው ከ800 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ ይቆርጡታል። የክራር ክሮች መሠረታዊ ድምፅ ከዚያ በታች ነው፤ የሚቀረው ጭረቱ ብቻ። ያው ፒዬዞ 1 ሜጋ ኦም ግቤት ባለው ነገር ላይ ሲሰካ መቁረጫው ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፣ ድምፁ ሙሉ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ በመካከሉ በባትሪ ወይም በፋንተም ኃይል (ከሚክሰሩ በማይክ ገመድ በሚመጣው) የሚሠራ ዲአይ ቦክስ፣ ማለትም የመሣሪያውን ድምፅ ለሚክሰር የሚያመቻች ሳጥን፣ ይግባ፣ ወይም የጊታር አምፕ። ከዘንግ መሳዩ፣ ለጊታር በርኩማ ከሚሠራው ፒዬዞ ጋር ከሆናችሁ የሚይዘው 1 ናኖፋራድ ገደማ ብቻ ስለሆነ 1 ሜጋ ኦምም ያንሰዋል፤ 10 ሜጋ ኦም ፈልጉለት።

ፊሽካውና ጉርምርምታው

ቆዳ ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ ድምፅ ይቀበላል። ከስፒከሩ የወጣው ቆዳውን ይመታል፣ ፒዬዞው ያንን ይሰማል፣ አምፑ ያጎላዋል፣ እንደገና ይመታል፤ ፊድባክ የሚባለው ይኸው ዙር ነው። ስፒከሩ ከክራሩ ፊት ለፊት አይሁን፤ ወደ ተጫዋቹ የሚያየው ሞኒተርም ከገበቴው ጎን እንጂ ከቆዳው ትይዩ አይቀመጥ። የገበቴውን ሁለት ሦስተኛ በስፖንጅ ሙሉት፣ ቆዳውን ግን አያስነካ። ቆዳው ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች በቴፕ መዝጋትም ይረዳል። ከዚያ ድምፁን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፤ መጀመሪያ የሚያፏጨውን ድምፅ ያዙና እሱን ብቻ በጠባቡ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉ። ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 350 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይገኛል። ሰፊ አድርጎ መቁረጥ ግን የክራሩን ደረት ይወስደዋል።

ይህ ቁጥር በየወቅቱ ይለዋወጣል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ቆዳው ይላላል፣ የሚያፏጭበት ድምፅ ይወርዳል፤ በታኅሣሥ ድርቀት ይወጠራል፣ ይወጣል። የመድረክ መብራት ሙቀትም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ትናንት የተስተካከለ ሚክሰር ዛሬ ቢያፏጭ ሳውንድማኑን አትውቀሱት፤ ከመጀመሩ በፊት ሩብ ሰዓት ስጡት፣ ክራሩም ከመብራቱ ሥር ቆይቶ ይቃኝ።

ጉርምርምታው ሌላ ነገር ነው፤ 50 ኸርዝና እጥፉ 100 ኸርዝ ከመብራቱ ይመጣል። አምፑና ሚክሰሩ ከተለያየ ሶኬት ሲሰኩ ይብሳል፤ ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ። አልጠፋ ካለ ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለችውን የኧርዝ መነጠያ ቁልፍ ሞክሩ። የሶኬቱን የኧርዝ እግር መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይደረግም። የብረት ክር ከኧርዝ ጋር የተገናኘ ስለሆነ የተጫዋቹ እጅ የወረዳው አካል ነው፤ አምፑ ኧርዝ ከሌለውና ኤሌክትሪክ ካሾለከ፣ ተጫዋቹ እጁ ክር ላይ እያለ ከንፈሩ ማይክ ሲነካ ይመታዋል። ኧርዝ ያልተዘረጋላቸው አሮጌ ቤቶች ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። መጫወት ከመጀመሩ በፊት በቴስተር የማይኩን ወንፊትና የክሩን ብረት ንኩ፤ ቴስተሩ ከበራ አይጫወት።

እጁና ቅኝቱ

በግርፍ አጨዋወት ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ይገርፋል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የማይፈለጉትን ክሮች ይዘው ያፍናሉ። በናይለን ጣት ትንሽ ቢዘገይ ችግር የለም፣ ክሩ ራሱ ይሞታል። በብረት ግን ያልታፈነው ክር እየዘመረ ይቀጥላል፤ በዜማው ላይ ሌላ ዜማ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ብረት የሚሻገር ተጫዋች እጁን እንደ አዲስ መግራት አለበት፤ ግርፉን አሳጥሮ፣ ጣቱን ቀድሞ አሳርፎ። ክሩን አንድ በአንድ በሚነጥሉበት በድርድር ግን ብረቱ የሚያምርበት ጊዜ አለ፤ ትዝታ ላይ የረዘመ ድምፅ ሲንሳፈፍ እኔ በበኩሌ አልቃወመውም።

በቅኝት ለውጥም ኤሌክትሪኩ የሚያሸንፍበት ነገር አለው። ከሙሉ ትዝታ፣ ማለትም ከዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ወደ አንቺሆዬ ለመሻገር ሬና ሶል በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ሚ ወደ ፋ ይወጣል፤ ሦስት ክር ማለት ነው። ግማሽ ድምፅ ከፍ ማለት ውጥረቱን በ12 በመቶ ይጨምራል። በቆዳ ላይ አንዱ ሲወጠር ሌሎቹ ይላላሉና ሁለት ዙር መቃኘት ግድ ነው፤ በድፍን እንጨት አንዱ ዙር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጥንቃቄው ኪቦርድ አብሮ ሲኖር ነው። ኪቦርዱ አሥራ ሁለቱን ድምፆች እኩል ከፋፍሎ ይዟቸዋል፣ አይነቃነቅም። ቀንበር ላይ በሚቆነጠጠው መቃኛ መሣሪያ የተቃኘ ክራር ከኪቦርዱ ጋር ይስማማል፣ ነገር ግን አንቺሆዬ የሚያሳዝንበትን ጠርዝ ያጣል። ምርጫው የኔ ከሆነ ኪቦርዱ በአንቺሆዬ ዝም ይበል። ሙላቱ አስታጥቄ በማሳቹሴትሱ ኤምአይቲ ዘመናዊ ክራር ለመሥራት በተደረገው ሥራ ላይ መሳተፉ ጥያቄው የመድረክ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ስለ ማሲንቆ አጭር ነገር ልበል። የፈረስ ጭራ ማግኔት አይሰማውም፤ ፒዬዞ ደግሞ የደጋኑን ፍትጊያ አጉልቶ ያመጣል። ከቆዳው ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚታሰር ትንሽ ማይክ ይሻላል። በገናን ግን ተዉት። መሣሪያው የጸሎት ነው፤ የሚሰማው ሰው ራሱ ይጠጋ።

ግጥሙ

የብረት ክር ድምፅ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ባለው ቦታ ይጠነክራል። የአማርኛ ተነባቢዎች ጥራትም እዚያው ነው። ክራሩ ቦታውን ሲይዝ «መጣ» እና «መታ» አይለዩም። ከክራሩ ላይ በዚያ ክልል 3 ዴሲቤል ቀንሱ፣ ከዘፋኙ ላይ አትቀንሱ። ኢኮውም ይገደብ፤ ወርቁ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በመጥበቅና በመላላት ላይ ነው፣ ረጅም ኢኮ ደግሞ የላላውን እንደ ጠበቀ ያሰማል። ሪቨርቡ (የድምፁ ማስተጋባት) ከአንድ ሰከንድ በታች ይሁን፣ እየደጋገመ የሚመልሰው ኢኮ በንግግር ጊዜ ይጠፋ።

ማንኛውም ፒክአፕ የማይመልሰው ነገር ደግሞ ቅርበቱ ነው። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያወጣዋል። አንድ ሰው በአንድ ሜትር ርቀት ሲናገር 60 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ አምፑ 95 ላይ ከሆነ ግጥሙን የሚቀበል ጆሮ የለም፤ ጨዋታው ወደ ኮንሰርትነት ይለወጣል። ካሳንችስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙዎቹ ጠባብ የአዝማሪ ቤቶች አብረው ሄደዋል። ለተጫዋቹ የሚቀሩለት የሆቴል መድረኮችና ሰፋፊ አዳራሾች ናቸው፤ እዚያ ደግሞ እርቃኑን የቆመ ክራር ከሦስተኛው ጠረጴዛ አያልፍም። ስለዚህ ማጉላቱ ግድ ነው፤ ጥያቄው እስከ ምን ድረስ የሚለው ነው።

ለኔ መለኪያው ይህ ነው፦ ከሦስተኛው ጠረጴዛ የተሰጠ ግጥም መድረክ ላይ ይሰማ። ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ከፊት ከማስጮህ ይልቅ አራት ትንንሽ ስፒከሮች በግድግዳው ዙሪያ ይሰቀሉ፤ ለሁሉም ቅርብ ስለሚሆኑ አንዳቸውም መጮህ አያስፈልጋቸውም። በስልክ መለኪያ ክፍሉ መሐል ከ80 ዴሲቤል አይለፍ። ከፊተኞቹ ጠረጴዛዎች በላይ አንድ ማይክ ተሰቅሎ ወደ አዝማሪው ሞኒተር ብቻ ይግባ፣ ግጥም ሲሰጥ ይከፈት። የክራሩ ድምፅ መጠን ማዞሪያም ከአምፑ ላይ ወርዶ በገበቴው ጎን፣ ቀኝ እጅ መግረፉን ሳያቋርጥ በትንሿ ጣት በሚደርስበት ቦታ ይገጠም፤ «ተቀበል» ሲባል ተጫዋቹ ሳውንድማኑን ሳይጠብቅ ራሱ ዝቅ እንዲያደርገው።